ከበግ ጀርባ እስከ ባና፦ ሱፍ በእጅ እንዴት ጨርቅ ይሆናል

ደሴ ላይ «ሱፍ እየሠራሁ ነው» ብትሉ የሚሰማችሁ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የፆም ፍትፍቱን ነው። ቀጥሎ ሙሉ ልብሱን፣ ያንን ሙሽራ የሚለብሰውን። በጉ ትዝ የሚለው ደጋ ያደገ ሰው ብቻ ነው። እኔ የማወራው ስለ በጉ ነው። ፀጉሩ ከጀርባው ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ ባና፣ ያ ወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ እስኪሆን ያለውን መንገድ፣ በሠራሁትና ባበላሸሁት ልክ እነግራችኋለሁ።

ስለማበላሸት ካነሳሁ አይቀር፣ የመጀመሪያ ሙከራዬ ሁለት ኪሎ ፀጉር ነበር። የማውቀው አጣጠብ የጥጥ አጣጠብ ነው። ስለዚህ በሚያቃጥል ውሃ ዘፈዘፍኩት፣ ዱቄት ሳሙና ነሰነስኩበት፣ እንደ ካልሲ አሸት አሸት አደረግኩትና ከቧንቧ በቀጥታ በወረደ ውሃ አለቀለቅኩት። የታኅሣሥን የደሴ ውሃ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጥርስ ያንገጫግጫል። ሲደርቅ መቀስ የማይበጥሰው ጓል ሆኖ ቀረ። አክስቴ አገላብጣ አየችውና «አብሽር፣ ለአህያ ጀርባ ይሆናል» አለችኝ። አክስቴ ከወረኢሉ በኩል ናት፣ እናቷ ስር ቁጭ ብላ እየፈተለች ያደገች። ከዚህ በታች ካለው ግማሹ የሷ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ጥጥ የለመደ እጅ ሱፍ ያበላሻል። ጥጥ ተክል ነው፣ ቢቀቀልም ቢታሽም ይችላል። ሱፍ ግን ፀጉር ነው። ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፣ ከጥፍራችሁና ከበሬ ቀንድ ጋር አንድ ዘር ማለት ነው። ላዩን በማይክሮስኮፕ ብታዩት እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል። ሙቀት፣ እርጥበትና እሽታ ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ አንዴ ከተያያዙ ደግሞ አይፈቱም። ድንገተኛ ቅዝቃዜ ሲጨመር ይብሳል። ይሄ ጠባይ መጨረሻ ላይ ይጠቅመናል። እስከዚያ ግን ጠላታችን ነው።

ፀጉሩን መምረጥ

የወሎ ደጋ በግ ሁለት ዓይነት ፀጉር ለብሷል። ከላይ ረጅምና ሻካራ፣ ከስር አጭርና ለስላሳ። የመንዝ በግም እንደዚሁ ነው። ያ የምናውቀው ጥቁር በርኖስ ከሱ ፀጉር ነው የሚሠራው፣ ቀለም ሳይነካው። ውጭ አገር ለሙሉ ልብስ የሚያረቡት ሜሪኖ ሌላ ዓለም ነው። የሜሪኖ ፀጉር ውፍረት ባብዛኛው ከ24 ማይክሮን በታች ነው፣ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከ30 ማይክሮን በላይ የሆነው አንገት ላይ ይኮሰኩሳል፣ ለብርድ ልብስና ለምንጣፍ ይሄዳል። የኛው በዚህኛው ወገን ነው። ስለዚህ ለእጮኛዬ ሻርፕ ብላችሁ አትጀምሩ፣ ትጣላላችሁ። ባና፣ ምንጣፍ ወይም የመደብ ልብስ ብላችሁ ጀምሩ።

ስትገዙ ከረጢቱን አስፈቱ። እኔ አንዴ አፍሬ ሳላስፈታ አምስት ኪሎ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስዘረግፈው መሃሉ ውሃ የተረጨበት፣ አፈር የተነሰነሰበት ነበር። ውሃውንና አፈሩን በኪሎ ገዝቼ መምጣቴ ነው። ሱፍ ደግሞ ለማጭበርበር ይመቻል፣ የራሱን ክብደት 30 በመቶ የሚያህል እርጥበት ይዞ እጅ ላይ ደረቅ ሊመስል ይችላል። እጃችሁን እስከ ከረጢቱ መሃል አስገቡ። ከቀዘቀዛችሁ ተጠራጠሩ።

አክስቴ ፀጉር የምትፈትነው በጆሮዋ ነው። እርሳስ የሚያህል ዘለላ ትመዝዛለች። ሁለቱን ጫፍ ቆንጠጥ አድርጋ ትይዝና ጆሮዋ አጠገብ አስጠግታ ድንገት ትስበዋለች። ጤነኛ ፀጉር እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ቸርርር ካለ መሃሉ ላይ ደክሟል። በጉ በታመመበት ወይም በተራበበት ሰሞን የበቀለው ክፍል ይቀጥናል፣ በኋላ ስታበጥሩት እዚያው ላይ ይበጠሳል። እኔ መጀመሪያ ጨዋታ መስሎኝ ስቄባት ነበር። አሁን ገበያ መሃል ቆሜ እኔም ፀጉር ጆሮዬ ላይ እለጥፋለሁ፣ የሚያየኝ ሰው ስልክ የማወራ ይመስለዋል።

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። ሞቶ ከተገኘ በግ ፀጉር አትውሰዱ። የገደለው አባ ሰንጋ ከሆነ ጀርሙ ፀጉርና ቆዳ ላይ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብራድፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ሱፍ እየለዩ የሚውሉ ሠራተኞች በአየር እየሳቡት ያልቁ ነበር፣ በሽታውም «የሱፍ ለዪዎች በሽታ» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ቆሞ የሚሄድ፣ ጤናው የሚታወቅ በግ ብቻ። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ ከታረደ በግ ቆዳ ላይም መሸለት ይቻላል፣ ግን ያን ዕለት፣ ቆዳው ጨው ሳይነካው። ቆዳ ፋብሪካ ከገባማ ኖራና ሰልፋይዱ ፀጉሩን ያቀልጠዋል።

ሽለታ

በጉ የራሳችሁ ከሆነ ወይም ባለቤቱ ከፈቀደ ግንቦትን ምረጡ። የበልጉ ዝናብ አብቅቷል፣ ክረምቱ አልገባም፣ ሌሊቱም ለስለስ ይላል። በጉም ሐምሌ ሳይደርስ ትንሽ ፀጉር ያበቅላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚሸልት ሰው በጉን ጠልቶታል ማለት ነው። መውለጃዋ የተቃረበ በግም ተዉአት።

ከሽለታው በፊት በነበረው ሌሊት በጉ አይብላ። ሆዱ ከሞላ ሲገለበጥ ይጨነቃል፣ እናንተንም ይራገጣል። ፀጉሩ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ፀጉር ከረጢት ውስጥ ይሻግታል። መሬት ላይ ንጹሕ ሸራ አንጥፉ። በጉን በቂጡ አስቀምጡትና ጀርባውን እግራችሁ መሃል አስደግፉት። እንዲህ ሲቀመጥ ዝም ይላል። «በሸላቶቹ ፊት ዝም እንደሚል በግ» የሚለው ቃል የገባኝ ያኔ ነው።

በደንብ የተሳለ መቀስ ያዙ። በግራ እጃችሁ ቆዳውን ወጠር አድርጉ፣ መቀሱን ከቆዳው ጋር አስተኝታችሁ አስኪዱት። ፀጉሩን ወደ ላይ እየጎተታችሁ አትቁረጡ፣ ቆዳው አብሮ ይነሳና ትበሱታላችሁ። ከሆድ ጀምሩ፣ የሆዱን ለብቻ አስቀምጡ፣ ከዚያ ከአንድ ጎን ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ሌላው ጎን። አንዴ የቆረጣችሁበት ቦታ ሸካራ ቢቀር ተዉት። ላስተካክል ብላችሁ ድጋሚ ስትቆርጡ የሚወርደው አጭር ብጥስጣሽ ክሩ ውስጥ ገብቶ ጉብ ጉብ ይሠራል። ቆዳው ከተጫረ አዮዲን ቀቡት። ሽለታው ካለቀ በኋላ ለጥቂት ሌሊቶች ከብርድ አስጠጉት። እኔ ከአንድ የደጋ በግ ያገኘሁት ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው።

መለየቱ ብዙ አያስወራም። የትከሻና የጎን ፀጉር ምርጡ ነው። የታፋው ይሻክራል። የሆድና የእግሩ፣ በጠጥ የተጋገረበት፣ ጎመን ማሳ ውስጥ ቅበሩት። መሃል መሃል አጭር፣ ነጭና ደረቅ፣ ስታጥፉት ቀጭ የሚል ፀጉር ታገኛላችሁ። እሱ የሞተ ፀጉር ነው፣ ቀለም አይቀበልም፣ የቻላችሁትን ልቀሙ። ይሄ ሥራ ከቡና ጋር ነው የሚሄደው። ከአቦል እስከ በረካ አንድ በግ ትጨርሳላችሁ።

እጥበት፣ ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

ጥሬ ፀጉር ውስጥ ሦስት ነገር አለ፦ አፈር፣ ላብና ቅባት። አፈሩና ላቡ በቀዝቃዛ ውሃ ይወጣሉ። ቅባቱ፣ ላኖሊን የሚባለው፣ እጅ ቅባት ውስጥ የሚገባው ማለት ነው፣ በቀዝቃዛ አይነካም። የሚቀልጠው 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በደንብ ለቅቆ የሚሄደው ደግሞ 60 ላይ ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ዙር ነው።

የመጀመሪያው ዙር ቀላል ነው። ግማሽ ኪሎ ፀጉር የሽንኩርት ከረጢት ውስጥ አስገቡ። ያ ቀይ መረብ ያለው ከረጢት ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ሳትጠቀጥቁ በልቅ ሙሉት። ባልዲ ውስጥ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋችሁ እደሩ። ጠዋት ውሃው እንደ ጥቁር ሻይ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አትድፉት፣ የበግ ላብ ፖታሲየም የበዛበት ስለሆነ በውሃ አቅጥናችሁ ጎመናችሁን አጠጡት።

ሁለተኛው ዙር ላይ ጥንቃቄ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ይሄን ዘዴ ያዙ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደርስም። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ። ሦስት ጆግ የፈላ ውሃ ከሁለት ጆግ የቧንቧ ውሃ ጋር ስትቀላቅሉ ደሴ ላይ 60 አካባቢ ይመጣል። ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ችግር የለውም። እጅ ስለማይችለው የላስቲክ ጓንት አድርጉ።

መጀመሪያ ውሃውን ሙሉ፣ ከዚያ ሳሙናውን፣ ከዚያ ፀጉሩን። ቅደም ተከተሉን አትለውጡ። ፀጉሩ ላይ ከላይ ውሃ ከቀዳችሁበት ውርጅብኙ ራሱ ያሸዋል። ሳሙናው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ይሁን፣ ለ20 ሊትር ግማሽ የቡና ሲኒ ይበቃል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ብዙ ጊዜ ፕሮቲን የሚበላ ኤንዛይም አለው፣ የእንቁላልና የደም እድፍ እንዲያነሳ ተብሎ የተጨመረ። ሱፋችሁ ደግሞ ፕሮቲን ነው። በረኪና ከነጭራሹ አጠገቡ አይድረስ። ካላመናችሁኝ ትንሽ ቁንጣሪ ፀጉር ሲኒ ውስጥ በረኪና አፍስሱበትና ቆይታችሁ ተመለሱ፣ ሟሙቶ ታገኙታላችሁ።

አክስቴ ሳሙና አትወድም፣ የእንዶድ ሰው ናት። የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጣ፣ ለብ ባለ ውሃ አረፋ እስኪያወጣ ታሸዋለች፣ ታጠለዋለች። ለሱፍ የዋህ ነው፣ አያደርቀውም። ብቻ የእንዶዱን ውሃ ቦርከና ወንዝ ላይ እንዳትደፉት። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው በቀንድ አውጣ አማካኝነት የሚተላለፈውን ቢልሃርዝያን ለመከላከል ይጠቅማል ያሉት። ቀንድ አውጣን የገደለ ዓሣንም አይምርም።

ከረጢቱን ውሃው ላይ አስቀምጡት፣ በራሱ ጊዜ ይጠጣና ይሰምጣል። ከዚያ እጃችሁን አንሱ! አታሹት፣ አታማስሉት፣ አትጭመቁት። ሃያ ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በላይ ግን አታቆዩት፣ ውሃው ለብ ሲል የቀለጠው ቅባት ተመልሶ ፀጉሩ ላይ ይቀመጣል። ከረጢቱን አንስታችሁ ውሃው በራሱ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ሁለተኛ ሙቅ ባልዲ፣ ካስፈለገ ሦስተኛ። ማለቅለቂያውም እንደማጠቢያው ሙቅ ይሁን። የኔ ጓል የተወለደው እዚህች ጋ ነው፣ ከሙቅ በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛ። በመጨረሻው ውሃ ላይ አንድ ሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጠብ አድርጉ፣ የቀረውን ሳሙና ያነሳል፣ ፀጉሩንም ያለሰልሰዋል።

ቅባቱ ሙልጭ ብሎ እንዲወጣ አትመኙ። ጣታችሁ ላይ ትንሽ ለዘብ ካለ ይበቃል፣ ለመፍተል ይረዳችኋል። ፎጣ ላይ ጠቅልላችሁ ተጫኑት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ወንፊት ወይም የተወጠረ ሽቦ ላይ በትኑት። ደሴ ጉም ከጣለባት ሁለት ቀንም ሦስት ቀንም ሊወስድ ይችላል። እኔ አንዳንዴ ይሰለቸኝና ከረጢቴን ሚኒባስ ላይ ጭኜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ኮምቦልቻ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። እዚያ ቆላ ቢጤ ስለሆነ በአንድ ከሰዓት ይደርቃል። ረዳቱ «ወንድሜ፣ በጉ የት አለ?» ይለኛል። እርጥብ ሱፍ ይሸታል፣ ምን ላድርግ።

አንድ ኪሎ አጥቤ 650 ግራም አካባቢ ነው ያገኘሁት። ስሌታችሁን በዚህ መሠረት አድርጉ።

ማፍታታትና ማበጠር

የደረቀውን በጣት እያፍታታችሁ ሳሩንና አሜከላውን አራግፉ። ፋብሪካዎች ይሄን ሳር በሰልፈሪክ አሲድ አቃጥለው ነው የሚያወጡት፣ እናንተ ግን ጣትና ትዕግሥት አላችሁ። የጥጥ ደጋን ያለው ሰው ከተገኘ ሱፍንም ይነድፈዋል፣ ጅማቱ ሲነዝር ፀጉሩ ብን ብሎ እንደ ደመና ይነሳል። ከሌለ ጥርሱ የሽቦ የሆነ ሁለት ብሩሽ ግዙ። አንዱ ላይ ጥቂት ፀጉር አስይዙ፣ በሌላው ቀስ አድርጋችሁ በላዩ ላይ ጎትቱ፣ ጥርስ ለጥርስ ሳይፋጭ። ሦስት አራት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ አንስታችሁ እንደ ባዘቶ ጠቅልሉት።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። እንዲህ ዝም ብላችሁ ካበጠራችሁት ፀጉሮቹ ይጠላለፋሉ፣ ክሩ ሻካራ፣ አየር የያዘና ሙቅ ይሆናል፣ ለባና የሚሆነው ይሄ ነው። ረጃጅሙን ብቻ መርጣችሁ በማበጠሪያ አንድ አቅጣጫ ካስያዛችሁት ግን ለስላሳና ጠንካራ ክር ይወጣል። የሙሉ ልብስ ጨርቅ ከዚህኛው ነው። በነገራችን ላይ ቁምሳጥን ያለው ሱፋችሁ እውነት ሱፍ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር መዛችሁ ለኩሱት። ሱፍ ፀጉር ፀጉር ይሸታል፣ ክብሪቱን ስታርቁ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ፖሊስተር ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። የኔ የምርቃት ሱፍ ዶቃ ሆነ።

«ይሄን ሁሉ ከምለፋ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ብወስደውስ?» ያለኝ ልጅ አለ። የዚያ ፋብሪካ መሣሪያ ለጥጥ ነው። የጥጥ ጭረት፣ ማለትም አንዷ ቀጭን ፀጉሩ፣ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ የሱፍ እጥፍና ከዚያ በላይ ይረዝማል፣ የመፍተያው ተሽከርካሪዎች ርቀት ደግሞ በጭረቱ ልክ ነው የሚስተካከለው። ሱፍ ብታስገቡበት ይጠመጠማል። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የምትታወቀው ደብረ ብርሃን ናት።

ፈትል

እንዝርቱ ከጥጡ ከበድ ያለ ይሁን፣ እኔ 50 ግራም የሚመዝን ነው የምጠቀመው። እንዝርቱ ላይ ቀድማችሁ አንድ ክንድ የሚያህል ክር እሰሩ። የክሩን ጫፍ ከባዘቶው ጋር አነባብሩ፣ እንዝርቱን ጭናችሁ ላይ አንከባላችሁ ልቀቁት። ክረቱ፣ ማለትም የክሩ መጠማዘዝ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ። አንዱ እጅ በር ጠባቂ ነው፣ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ክረቱ ባዘቶው ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ሌላው እጅ ከስሩ ፀጉር እየሳበ ያቀጥናል። ሳቡ፣ ልቀቁ፣ ሳቡ፣ ልቀቁ። ክረቱ ባዘቶው ውስጥ ከገባ አበቃ፣ ገመድ ይሆንና አይሳብም።

ጥጥ የምትፈትሉ ሴቶች እዚህ ላይ ትበልጡናላችሁ፣ ግን አንድ ልማድ ተዉ። ጥጥ አጭር ስለሆነ እጆቻችሁ ይቀራረባሉ። በሱፍ ላይ እጆቻችሁን አራርቁ፣ ቢያንስ የፀጉሩን ርዝመት ያህል። ያለበለዚያ የአንዱን ፀጉር ሁለት ጫፍ ይዛችሁ እየጎተታችሁ «አልሳብ አለኝ» ትላላችሁ። ክረቱም እንደ ጥጥ አይብዛ። በጣም የከረረ ሱፍ ገመድ ነው፣ አይሞቅም።

ፀጉሩ ደርቆ ብን ብን ካለባችሁ ትንሽ የምግብ ዘይት በውሃ መትታችሁ በእጃችሁ ረጨት ረጨት አድርጉበት። መብቃቱን ለማወቅ የፈተላችሁትን ክር በቀስታ ሳቡት። ተንሸራትቶ ከተለያየ ክረት ይጎድለዋል። ለማጉ፣ በወርድ ለሚገባው፣ አንድ ክር ይበቃል። ለድሩ፣ በርዝመት ለሚወጠረው፣ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ግመዱ፣ የፈተላችሁት ወደ ቀኝ እያዞራችሁ ከሆነ ስትገምዱ ወደ ግራ አዙሩ። ከዚያ በቱባ ጠምጥማችሁ፣ ሦስት አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ አስራችሁ፣ ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ ታች ትንሽ ክብደት አንጠልጥላችሁ አድርቁት፣ መጠማዘዙን ይተዋል።

ምን ያህል ክር ያስፈልጋል? ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ለሆነ ባና እኔ ሁለት ኪሎ የሚሆን ክር ፈጅቶብኛል፣ ርዝመቱ ወደ አራት ኪሎ ሜትር። አዎ፣ ኪሎ ሜትር ነው ያልኩት። አንድ ሸማኔን ለመመገብ ብዙ ፈታይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የኔ ሦስት ወር ወሰደ፣ ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ ጭምር። መፍተል እኮ መብራት አይፈልግም።

ቀለም፣ ከፈለጋችሁ

ጥቁር በግ ካላችሁ ይሄን ዝለሉት። ነጭ ከሆነ ግን ሱፍ ቀለም ይወዳል፣ ከጥጥ የበለጠ። መጀመሪያ ቀለሙን ክሩ ላይ የሚያስይዘው፣ ሸብ። ለ500 ግራም ክር 60 ግራም ሸብ በሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ክሩ በልቅ የሚዋኝበት ድስት ውስጥ አድርጋችሁ በዝግታ አሙቁት። እንፋሎት ይውጣ እንጂ አይንተክተክ። አንድ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ይሄ ድስት ወጥ ቤት አይመለስም።

ቀለሙ ከቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ይሁን። ምግብ ቤቶች ይጥሉታል፣ ብትጠይቋቸው በከረጢት ይሰጧችኋል። ከክሩ ክብደት ጋር እኩል ልጣጭ አንድ ሰዓት ቀቅሉ፣ አጥሉት፣ ለብ ሲል ክሩን ክተቱና እንደገና በዝግታ አሙቁ። ከወርቃማ እስከ ብርቱካናማ ይወጣላችኋል። መጨረሻ ላይ ዝገት የያዙ ጥቂት ምስማሮች የተነከሩበት ውሃ ጠብ ካደረጋችሁበት ወደ ወይራ ቅጠል ቀለም ይጠቁራል። ጥቂት ነው ያልኩት፣ ብረት ሲበዛ ሱፉን ያደርቀዋል። እርድ አትሞክሩ፣ ሲያዩት ያምራል፣ ፀሐይ ሲያየው ይጠፋል።

ሽመና

ሸማኔ ከሆናችሁ ከኔ የምትማሩት ትንሽ ነው። ካልሆናችሁ ክራችሁን ይዛችሁ ወደ ሸማኔ ሂዱ፣ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ምክንያቱም ጥጥ የለመደ ሸማኔ ሱፍ ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። እውነት አለው። የሱፍ ድር ፀጉራም ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ የመሣሪያው መርገጫ ሲረገጥ የድሩ አፍ ጥርት ብሎ አይከፈትም፣ መወርወሪያው ይሰናከላል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ድሩን በቀጭን የተልባ ውሃ መለወስ ነው፣ ተልባው ፈልቶ የሚያወጣው ያ ዝልግልግ ፀጉሩን ያስተኛዋል፣ በኋላ ሲታጠብ ይለቃል። ሁለተኛው ለጀማሪ የምመክረው ነው፣ ድሩን ጥጥ ማጉን ሱፍ ማድረግ። ባናው ትንሽ ይቀጥናል፣ በኋላ ውሃ ውስጥ በእግር ሲረገጥም እንደ ሙሉ ሱፍ አይሰበሰብም፣ ግን ጭቅጭቅ የለውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፣ የኔ የመጀመሪያ ድር ግን ድመትም አያስርም ነበር፣ ግማሹ ወጥሮ ግማሹ ላልቶ። ድር ስታደሩ ውጥረቱ ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው አንድ ይሁን።

ቁጥሩ ይሄ ነው። እንደ ጋቢ በሁለት ቁራጭ ይሸመንና መሃሉ ይሰፋል። ለእያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ ሳንቲ ሜትር አራት ክር፣ ወርዱ 85 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 340 የድር ክር። የድሩ ርዝመት ሦስት ሜትር። ሁለት ሜትር ለሚሆን ባና ሦስት ሜትር የበዛ ይመስላል፣ ግን ግማሽ ሜትሩ መሣሪያው ላይ ይቀራል፣ ሌላው በርግጫ ይሰበሰባል። ማጉን አጥብቃችሁ አትምቱት። ጥጥ ሲሸመን የሚሰማውን ያን ጠንካራ ድምፅ አልፈልግም በሉት ለሸማኔው። ከመሣሪያው ሲወርድ ጨርቁ ወንፊት መስሎ በብርሃን ማሳየት አለበት። ያኔ ሰው ሁሉ «ይሄ ምን ይሞቃል?» ይላል። ዝም በሉ።

ርግጫ

ያ ጠላታችን ያልኩት ጠባይ አሁን ሥራ ያገኛል። ሁለቱን ቁራጭ ከሰፋችሁ በኋላ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ 40 ዲግሪ የሚሆን፣ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር አድርጉ። ባናውን አጣጥፋችሁ ክተቱ። እግራችሁን ታጠቡና ግቡበት። እንደ ጭቃ ቡካ ርገጡ፣ ግን በቀስታ። በየሦስት ደቂቃው አውጥታችሁ አጣጥፉ፣ እጥፉ ቦታ ይቀይር፣ ያለበለዚያ መስመር ይሠራል። መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም። አስር ደቂቃ አካባቢ ላይ እግራችሁ ስር ጨርቁ ሲወፍር ይሰማችኋል። አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ክሮቹ መሃል የነበረው ቀዳዳ በፀጉር ከተሸፈነ አቁሙ። «ትንሽ ልጨምር» ያለ ሰው ለአህያ ጀርባ ይሠራል። እኔ ስረግጥ አክስቴ ሳፋው አጠገብ ቆማ ትቆጥር ነበር፣ «በቃ ውጣ!» ስትለኝ ወጣሁ።

በተመሳሳይ ሙቀት አለቅልቁ፣ በፎጣ ተጫኑ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አራት ማዕዘኑን እየሳባችሁ አስተካክላችሁ በጥላ አድርቁ። ገመድ ላይ አትስቀሉት፣ እርጥብ ሱፍ ከባድ ነው፣ በራሱ ክብደት ይለጠጣል። ከደረቀ በኋላ በለስላሳ ብሩሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብታበጥሩት ፀጉሩ ብድግ ይላል፣ የበለጠም ይሞቃል።

ስታስቀምጡት ብል እንዳይገባበት። ልብሱን የሚበላው የሚበረው ቢራቢሮ አይደለም፣ እጩ ነው፣ እሱም ላብና የምግብ እድፍ ያለበትን ይመርጣል። ስለዚህ ክረምት አልፎ ሲቀመጥ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ አፉ በጥብቅ የታሰረ ላስቲክ ውስጥ ይሁን፣ በየሁለት ወሩ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አራግፉት። የኔ ባና አሁን አክስቴ አልጋ ላይ ነው። ልወስደው ስል «የትኛውን? የኔን?» አለችኝ።